አምስት እርምጃ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ለበኩሬ፤

ያለሽበትን ቤት ሰላም ያሳድርልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው እንጂ የሚያኮርፈው ሜዳ ላይ አያሳማም። የላክሽልኝ መነጽር ደርሶኛል። አሁን ክር በመርፌ ሳስገባ ምላሴን አላወጣም።

የሕንጻችን አሳንሰር ተበላሽቶ ከቆመ ሁለት ሳምንት አለፈው። ደንበኞቼ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ስለሚመጡ ወገባቸውን ከመለካቴ በፊት ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ እጠብቃለሁ። እንዲጠግነው የተላከው ማን ይመስልሻል? ወንድምሽ። በሠላሳ ዓመቴ ድምቡሼ አትበይኝ ቢለኝም ሌላ ስም ከአፌ አይወጣም። የአሳንሰር ድርጅቱን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሲመጣ ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ «ያሳደግኩት ነው» እያልኩ ሳስተዋውቅ ዋልኩ።

ከዚህ በታች ያለው ግን ደስ አይልም። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሕንጻው ዘበኛ ወደቀ። ያ አባ ቁልፍ የምንለው፣ በምሳ ሰዓት ከነደንበኛዬ ቆልፎብኝ የሄደው ሰውዬ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለንም። ለሒሳብ ክፍሉ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ስለነበር ፊቱን አላየም። የአሳንሰሩ በር ክፍት ነበርና አሳንሰሩ ተጠግኖ የሚጠብቀው መስሎት ገባ። ውስጡ ባዶ ነው። ደግነቱ አሳንሰሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር የወደቀው አንድ ፎቅ ብቻ ነው። የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

ድምቡሼ አልተጎዳም። ፖሊስ ቃሉን ተቀብሎ አሰናብቶታል። ስለዚህ ነገር ሌላም የምጽፍልሽ አለ፤ አስቀድሜ ግን ከእሱ ጋር ልነጋገር። ለወፍራም ጨርቅ የሚሆን የስፌት መኪና መርፌ ካገኘሽ ጥቂት ላኪልኝ።

ከዐይንሽ ብትርቅም ከጸሎቷ የማታርቅሽ
አክስትሽ

ጥቅምት 27 ቀን

ለእናቴ ምትክ ለእታለም፤

ጤናሽ እንደ ምኞቴ ይሁን። መርፌዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለጉልበትሽ የሚታሰርም አብሮ አለ። አላደርግም እንዳትዪ።

ድምቡሼ ነግሮኛል። መከለያውን በሩ ፊት አቁሞት እንደነበር፣ ሰውየው ካርቶኑን ለማሳለፍ ብሎ ወደ ጎን እንዳደረገው ነው። ፖሊስም እንደዚያው መዝግቧል፣ ድርጅቱም የያዘው ይህንኑ ቃል ነው። ስለዚህ ብዙ የሚያሳስብ አይመስለኝም።

ግን «ሌላም የምጽፍልሽ አለ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሱቅሽ ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት ነው። ያየሽው ነገር ካለ፣ እታለም፣ ለእኔም ቢሆን አትጻፊው። ወረቀት አፍ አለው። እዚህ የምሄድበት ጉባኤ ሰባኪ ባለፈው እሑድ «ከሕግ በታች አይደለንም» ብሎ ሲያስተምር ልቤ ቅልል አለኝ። ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል አይደል የሚለው? ያስጠናሽንማ አንቺው ነሽ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ሲጨርሱ የተጠቀሙበት መቀስና መቆንጠጫ ሁሉ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል፤ አጥበን፣ አሽገን፣ በእንፋሎት ቀቅለን እንመልሳለን። አለቃዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደንቧ ግን አያልቅም። አንዱን መቀስ ሁለት ጊዜ ታስቆጥረናለች። ቆጠራ በሕልሜ ሳይቀር ይመጣል።

ድምቡሼን አደራ። ጉንጩን ቆንጥጪልኝ።

ልጅሽ

ኅዳር 15 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

የላክሽው ሁሉ ደርሶኛል፤ እጅሽ አይንጠፍ። የጉልበቱንም አስሬዋለሁ፤ ቀኝና ግራዬ አሁን የሁለት ሰው እግር ይመስላሉ።

አትጻፊው ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ለአንቺ ደብቄ የኖርኩት ነገር ስለሌለ ልጻፈው።

ቢጫው መከለያ ጠዋት ሙሉ ከደረጃው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ድምቡሼ ግራሶ ሊያመጣ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ በሩን እንደተከፈተ ትቶት ሄደ። ከዚያ ሰውየው ወደቀ። ድምፁን ሰምቼ ከነመቀሴ ስወጣ ድምቡሼ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ደረሰ። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ስልክ ደውሎ እርዳታ ጠራ። ቀጥሎ መከለያውን ከግድግዳው አንስቶ በሩ ፊት አቆመው። ያኔ ነው ቀና ሲል ከእኔ ጋር ዐይን ለዐይን የተጋጨነው።

እሑድ ምሳ ጋብዤ አነጋገርኩት። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነው አለኝ። እውነቱን ቢናገር የሥራ ፈቃዱ እንደሚነጠቅ፣ እስርም ሊኖር እንደሚችል ነገረኝ። ምሳውን ሳይጨርስ ሄደ።

ሆስፒታልም ሄጄ ነበር። አባ ቁልፍ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን ልትሠሪ መጣሽ አለኝ፤ ልጠይቅህ ነው አልኩት። ከዚያ ፊቱን ሳይመልስ «መከለያ አንስተሃል ይሉኛል» አለ። «እኔ በሩን ደቂቃ ሳላዛንፍ የምቆልፍ ሰው፣ የቆመ መከለያ አነሳለሁ?» የሕንጻው ጸሐፊ እንደነገረችኝ ጥፋቱ የራሱ ነው ተብሎ ከሥራው ሊሰናበት ነው። ልጅም ዘመድም የለውም።

እኔ ሰፊ ነኝ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። ግን ፍቅር ይሸፍናል ያልሽውን ሳሰላስል ሰነበትኩ። ልክ ነሽ፣ ይሸፍናል። ድምቡሼ መሸፈን የነበረበት ግን ጉድጓዱን ነው። በኦሪት ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የሄደ ሰው፣ የጎረቤቱ በሬ ቢገባበት ተጠያቂ እሱ ነው ይላል። ለበሬ እንዲህ የተጠነቀቀ ሕግ ለአባ ቁልፍ አይጨነቅም? በሐሰት አትመስክር የሚለውም እንዲሁ ባዶውን አይደለም፤ «በባልንጀራህ ላይ» ብሎ ነው። የአንቺና የእኔ ባልንጀራ ድምቡሼ ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለን ነበር።

እሱ ከሁላችን አንቺን ይሰማል። ራሱ ሄዶ እንዲናገር ንገሪው።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 4 ቀን

እታለም፤

ደብዳቤሽን በሥራ ቦታ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቆሜ አነበብኩት። ባላነበብኩት።

እናታችን ስትሞት የድምቡሼን እጅ በእጅሽ አስይዛ ነው የሞተችው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አልጋው ግርጌ ቆሜ አይቻለሁ። አደራ አለችሽ፤ እሺ አልሻት። በዚያ እሺ ውስጥ «ሕግ እስኪመጣ ድረስ» የሚል አልነበረም። ፊደል ይገድላል፣ መንፈስ ግን ሕይወት ይሰጣል የሚለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ታዲያ ለአንድ ሦስት ዓመት ላኮረፈሽ ሰው ብለሽ የራስሽን ልጅ ለፊደል ትሰጪዋለሽ?

ክስ መከፈቱን ሰምቼ ጠበቃ ቀጥሬለታለሁ። ብትጠሪ «በደንብ አላስታውስም» ማለት ይበቃል። ሰው ይረሳል፤ መርሳት ውሸት አይደለም። ከዚህ በፊት ብዙ ነገር ለምኜሽ አላውቅም። ይህን አንዱን እለምንሻለሁ።

የምትወጂው ከሆነ ዝም በይ።

ልጅሽ

የካቲት 21 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ብትቆጪም ልጄ፤

ይህን ያህል የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ነገሩ ስላለቀ ሁሉንም በአንድ ልንገርሽ።

አደራውን አልረሳሁም። የጻፍሽውን አንብቤ ሱቄን ዘግቼ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናታችሁ ያስያዘችኝ የልጁን እጅ ነው። ያ እጅ ግን ሰው ከወደቀ በኋላ መከለያ ያቆመ እጅ ሆነ። እንዲህ እንዳለ ዝም ብዬ ይዤው መኖር አቃተኝ።

ከችሎቱ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ቤቱ ሄድኩ። ከኋላው እንዳልመጣበት ብዬ ነው። ከእኔ ቀድመህ አንተ ተናገር፣ ከተናገርክ እኔን የሚጠራኝ የለም አልኩት። በሩን ይዞ ቆመ። ግቢም አላለኝ፣ ሂጂም አላለኝ።

አልተናገረም። ስለዚህ ሱቄ ፊት ለፊት ነውና በምስክርነት ጠሩኝ። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ የካባዋ እጅጌ ረዝሞባት እስክርቢቶ በያዘች ቁጥር ትሰበስበዋለች። ሰው ሲፈራ ዐይኑ የማይሆን ቦታ ነው የሚያርፈው። ካስማለችኝ በኋላ «ለተከሳሹ ምኑ ነዎት?» አለችኝ።

«አክስቱ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

«ከተጎጂው ጋርስ?»

«ሦስት ዓመት ተኳርፈን ኖረናል።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ያየሁትን እንድናገር አዘዘችኝ።

ለአንቺ እንደጻፍኩልሽ አድርጌ ተናገርኩ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርኩ፤ ይህን ለአንቺም ደብቄሽ ነበር። መከለያው ግድግዳ ተደግፎ ጠዋት ሙሉ እያየሁት ነበር። በሩም ሲከፈት አይቻለሁ። ከሱቄ በር እስከ መከለያው አምስት እርምጃ ነው፤ በኋላ በሜትሬ ሳይቀር ለክቼዋለሁ። ያን ጠዋት ግን የጀመርኩትን የጠርዝ ዘምዘማ ልጨርስ ብዬ፣ ደግሞም የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ አልተነሳሁም። ልጄ፣ ሕጉን ለድምቡሼ ይዤለት ስሄድ መጀመሪያ ያገኘው እኔን ነው።

ይህን ስል ድምቡሼ አንገቱን ቀና አደረገ። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረች። አንቺ የቀጠርሽለት ጠበቃ ክንዱን ያዘው፤ እሱ ግን ተነሳ። «አክስቴ ያለችው ልክ ነው» አለ። «መከለያውን ያቆምኩት ከወደቁ በኋላ ነው። እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።»

በራሱ አፍ ስላመነ ቅጣቱ ቀለለ ብለውኛል። አራት ወር እስር፣ አንድ ዓመት ደግሞ ያለ ሥራ ፈቃድ። ዘበኛው ጥፋተኛ አለመሆናቸው ተመዝግቦ ሥራቸው ይጠበቅላቸዋል። አዎን፣ «እሳቸው» እያልኩ ነው። ፍርድ ቤት አንቱ ያልኩትን ሰው ውጪ ስወጣ አንተ ማለት አሳፈረኝ።

ረቡዕና እሑድ መጠየቂያ ቀን ነው። ምሳ እወስድለታለሁ። ሦስቴ ምሳውን ተቀብለው አስገቡለት፤ እሱ ግን ሊያየኝ አልወጣም። በአራተኛው ወጣ። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ አሳንሰሩ ተሠራ ወይ አለኝ፤ አልተሠራም አልኩት። «ታዲያ የጨርቁን ጣቃ ማን ያወጣልሻል?» አለኝና እዚያው ቆሞ አለቀሰ። እኔም አብሬው።

ፍቅር ከሕግ ይበልጣል ማለትሽ ነበር። እውነት ነው። ይበልጣል እንጂ አያንስም። ድምቡሼን ከሕጉ ባነሰ ፍቅር ብወደው ኖሮ ዛሬ አብረን እንበላ ነበር፤ ግን ዐይን ለዐይን አንተያይም ነበር።

እስክትጽፊልኝ እጠብቃለሁ። የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ ከመቀሴ ጋር አስሬዋለሁ።

አክስትሽ

ግንቦት 25 ቀን

እታለም፤

ሦስት ወር ዝም አልኩሽ። በቁጣ ነው ብለሽ ካሰብሽ፣ የመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። ቀሪው ሐፍረት ነው።

ያን ማክሰኞ ድምቡሼ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ለእኔ ደውሎ ነበር። ያለቅስ ነበር። መከለያውን ዘግይቶ እንዳቆመው ነገረኝ፤ ሄጄ እውነቱን ልናገር ነው አለኝ። አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ። «ሰውየው ነው ያነሳው በል» ብዬ ቃል በቃል ያስጠናሁት እኔ ነኝ። በጥቅምት ደብዳቤዬ ከእሱ እንደሰማሁ አድርጌ የጻፍኩልሽ የራሴን ቃል ነበር። አንቺ ፍርድ ቤት ቆመሽ ያልተጠየቅሽውን ስትናገሪ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ፍቅር ምን እንደሆነ አስተምርሽ ነበር።

ሰባኪያችንን ከጉባኤ በኋላ ጠብቄ ጠየቅኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሽማግሌ ነው፤ ቶሎ አይመልስም። ከሕግ በታች አይደለንም ማለት ከባልንጀራችን በላይ ነን ማለት አይደለም አለኝ። ይህን ለምን እሑድ ዕለት አልጨመርክበትም ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።

የገባኝ ግን ሥራ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳጥን ላሽግ ስል አንዱ መቆንጠጫ መጋጠሚያው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ታየኝ። ከማጠቢያው የወጣ ነው፣ ገና በእንፋሎትም ይቀቀላል፤ ደንቡ ግን ከተጠራጠርሽ ሁሉንም ፍቺና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሪ ነው የሚለው። ፈረቃዬ ሊያልቅ ነው፣ እግሬ አብጧል። ጓደኛዬ ፈርሚና እንሂድ አለችኝ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ቁጥር ብቻ ነው። በሽተኛው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን አላውቅም። ልውደደው ብል በምን ልውደደው? ፊቱን አላየው፣ እጁን አልይዘው። በእጄ ያለኝ ያ ደንብ ብቻ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩና ሁሉንም ፈታሁት። እየፈታሁ አባ ቁልፍ ትዝ አሉኝ። እኔ ዘንድ እሳቸውም ቁጥር ነበሩ።

ለድምቡሼ ራሴ ልጻፍለት ብዬ አቃተኝ። ከፈለግሽ ይህን አስነብቢው። ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ግን ይቅር በይኝ።

ልጅሽ

ሐምሌ 8 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ይቅር ብዬሻለሁ። አስቀድሜ የጻፍኩት እስከ ታች ድረስ እየተንቀጠቀጥሽ እንዳታነቢ ብዬ ነው። አሁን ውኃሽን ጠጪና ተቀመጪ፤ ብዙ ወሬ አለኝ።

ድምቡሼ ወጥቷል። ከስቷል፤ ሱሪዎቹን ሁሉ ከሁለት ጎን አጥብቤለታለሁ። ስሙን መቀየር ሳይኖርብን አይቀርም። ፈቃዱ እስኪመለስ ድረስ ብረት በያጅ ቤት ሥራ ይዟል።

በወጣ በሳምንቱ አብረሽኝ ሂጂ አለኝና ወደ አባ ቁልፍ ቤት ሄድን። የሚኖሩት ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት በላይ ነው፤ መውጫው በውጭ በኩል ያለ አሥራ አንድ ደረጃ ነው፣ በጎኑ ምንም መያዣ የለውም። በክራንች ነው የሚሄዱት። ድምቡሼ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው ወዲያው አላነሱትም።

«እግሬስ ይሁን፣ እግር ይሰበራል» አሉት። «ግን ሆስፒታል ተኝቼ፣ እኔ ይሆን እንዴ ያነሳሁት እያልኩ ራሴን ጠረጠርኩ። ልቤ ሊያሳብደኝ ነበር። የምቀየምህ በዚያ ነው።»

ይቅር ብያለሁ የሚል ቃልም አልሰማንም። ስንወርድ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ዞር ስል ደረጃውን በስንዝር ይለካል።

በማግስቱ ብረት ተሸክሞ ተመለሰ። ዳኛዋ ያዘዘችው ነገር አይደለም፣ እኔም አላልኩትም። ቤት ስትሠራ ሰው እንዳይወድቅ ለጣራህ መከታ አድርግለት የሚለውን ሕግ በልጅነታችሁ ሳስነብባችሁ ድምቡሼ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ነው የነቃው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሲቆርጥና ሲበይድ ዋለ። አባ ቁልፍ ወንበር አውጥተው ታች ተቀምጠው ሥራውን ይቆጣጠራሉ። ይኼ ጠሟል፣ ያኛው አልጠበቀም ይላሉ። እኔ ደግሞ ሱሪያቸውን ይዤ ሄጄ ነበር፤ አንዱ እግራቸው ስላጠረ የግራውን ሁለት ጣት አሳጥሬላቸዋለሁ።

ሲያልቅ ተነሱ። ክራንቻቸውን ለእኔ ሰጡኝና በአዲሱ መደገፊያ ወጥተው ወረዱ፤ አንድ በአንድ፣ አሥራ አንዱንም። ታች ሲደርሱ ድምቡሼ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል።

«ከፍ ብሏል» አሉ።

«ስንት ልቀንስ?»

«አራት ጣት።»

ቋሚዎቹን ሁሉ ቆርጦ፣ አራት አራት ጣት ቀንሶ፣ እንደገና በየደው። አልተነጫነጨም። እኔ ግን እግዜር ያሳይሽ፣ በእሱ ፋንታ ልነጫነጭለት ምንም አልቀረኝም።

ደብዳቤሽን አስነብቤዋለሁ። ካነበበው በኋላ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተው፤ አልመለሰልኝም። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ጽሑፍ ነው። መንገድሽን ሁሉ ቀና ያድርግልሽ፣ የማታውቂያቸው በሽተኞችሽም ይዳኑ።

አክስትሽ

እህቴ፤

አንቺ አስጠንተሽኝ አይደለም። ያን ቀን እታለም አጠገቤ ነበረች፤ ብጠይቃት ምን እንደምትለኝ አውቅ ነበር። አንቺም ምን እንደምትዪኝ አውቅ ነበር። ለአንቺ የደወልኩት መርጬ ነው። ስለዚህ ግማሹን ለእኔ ተይልኝ፣ ሁሉንም ብቻሽን አትሸከሚው።

ሰውየው መደገፊያው አረንጓዴ ካልሆነ ብለዋል፤ ቅዳሜ ቀለም እቀባለሁ። ስንጀምር የሚያወጡት አንድ ወንበር ነበር። ትናንት ልኩን ልይ ብዬ ስሄድ ሁለት አውጥተው ጠበቁኝ።

ድምቡሼ